ክብደት ለመቀነስ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የትኛውን መንገድ ትመርጣላችሁ?

ታላቅ እህቴ ጉልበቷን አሟት አብረን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አያትና "ክብደት መቀነስ አለብሽ" አላት። ማስታገሻ ጻፈላት። ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። በቃ። ስንት ኪሎ ልቀንስ? እንዴት አድርጌ? ማን ያግዘኛል? መቼ ልመለስ? አንዱም አልተነሳም። ስንወጣ ምንም አላለችም። ማዘዣውን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ይህ የደረሰው በእህቴ ላይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ አንድ ጥናት በ11 አገሮች ከውፍረት ጋር የሚኖሩ ከ14,000 በላይ ሰዎችን ጠይቋል። ሰው ከክብደቱ ጋር መታገል ከጀመረ በኋላ ስለ ጉዳዩ ከጤና ባለሙያ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋገር በአማካይ 6 ዓመት ያልፋል። ስድስት ዓመት! በዚያ መሐል ስንት ዳይት ተጀምሮ ይቋረጣል። ስንት ሰው "ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ አንገቱን ይደፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 በዓለም ላይ ከ8 ሰዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረበት። ይህን ሁሉ ሕዝብ ስፔሻሊስት አይቶ አይዘልቀውም። ስለዚህ በሩ ቅርባችን ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ የቤተሰብ ሐኪሙ ነው፤ የክትትል ክፍሏ ነርስ ናት። ከዚያ በር ስትገቡ ሊቀርቡላችሁ የሚችሉትን መንገዶች እዚህ ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። ሁሉንም የምመዝንበት አንድ ጥያቄ አለኝ፦ "በሰባተኛው ወር ማን ያየኛል?"

ለምን ሰባተኛው ወር? ብዙው ፕሮግራም ሦስት ወር ነው። ረዘመ ከተባለ ስድስት። ሰውነታችን ግን በስድስት ወር ትግሉን አይጨርስም። ክብደት ስንቀንስ የጥጋብ መልእክት የሚያደርሰው ሌፕቲን ይወርዳል። ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ደግሞ ይወጣል። በ2011 የታተመ ጥናት ክብደት የቀነሱ ሰዎችን ከዓመት በኋላ መልሶ ሲለካ እነዚህ ሆርሞኖች ገና ወደ ቦታቸው አልተመለሱም ነበር። ያጣነውን ኪሎ ሰውነታችን መልሶ ይጠይቀናል ማለት ነው። ኪሎው የሚመለሰው ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ምርጫው ሁሉ እዚህ ላይ ይቆማል።

መጀመሪያ በደንብ መታየት

ማንኛውንም መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት በትክክል መለካት አለባችሁ። ቢኤምአይ የሚባለው ቀላል ሒሳብ ነው። ቁመታችሁን በሜትር አድርጉና ራሱን በራሱ አባዙት። ከዚያ ክብደታችሁን በኪሎ ለዚያ አካፍሉ። 1.62 ሜትር ቁመት ያላት፣ 92 ኪሎ የምትመዝን ሴት ወደ 35 ይመጣባታል። ከ25 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት ይባላል። የእስያ ዝርያ ላላቸው ሰዎች አደጋው ቀደም ብሎ ስለሚጀምር 23 እና 27.5 ላይ ጥንቃቄ ይጀመራል።

ቢኤምአይ ጡንቻና ስብን አይለይም። ስለዚህ ወገባችሁንም አስለኩ። ቀላሉ ደንብ ይህ ነው፦ ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ይሁን። ለ1.62 ሜትር ሴት 81 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ሆድ አካባቢ የሚጠራቀም ስብ ዳሌ ላይ ካለው ይልቅ ለልብና ለስኳር ይከፋል።

ቀጥሎ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። ኪሎ የሚጨምሩ መድኃኒቶች ጥቂት አይደሉም። ለአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት ኦላንዛፒን፣ ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮኤት፣ ለድብርት ሚርታዛፒን፣ ለነርቭ ሕመም ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን፣ ለስኳር ኢንሱሊንና ግሊበንክላሚድን የመሰሉ ኪኒኖች፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድ አሉበት። አንዳንዴ አንዱን በሌላ መቀየር ብቻ ብዙ ይረዳል። ግን በራሳችሁ አታቁሙ። "ይህ መድኃኒት ክብደት ይጨምራል? ሌላ አማራጭ አለ?" ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

እንዲሁም ስኳር፣ የደም ቅባት፣ ጉበት፣ ምልክት ካለ ደግሞ ታይሮይድ ይመርመር። ሌሊት ታንኮራፋላችሁ? ትንፋሽ እየቆመ ትባንናላችሁ? ቀን ያንገላጅጃችኋል? ተናገሩ። ድብርትም፣ አልቆም ያለ አበላልም እንዲሁ።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። እህቴ የደም ግፊት ስትለካ ነርሷ ማሰሪያውን ክንዷ ላይ ጠቀለለች። አየር ሲገባበት ጫፉ ተላቀቀ። እንደገና ጠቀለለች፤ እንደገና ተላቀቀ። በሦስተኛው በእጇ ጭምር ይዛ ለካችና ቁጥሩ ከፍ ብሎ ወጣ። የግፊት መድኃኒት ሊጀመርላት ምንም አልቀረም ነበር። በሌላ ቀን በሌላ ቦታ ሰፊ ማሰሪያ ተገኘና ሲለካ ቁጥሩ ወረደ። ይህ የታወቀ ነገር ነው። በ2023 የወጣ ጥናት፣ በጣም ሰፊው ማሰሪያ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር ወደ 20 ነጥብ ገደማ ከፍ ብሎ እንደሚወጣ አሳይቷል። ስለዚህ አትፈሩ፦ "ሰፋ ያለ ማሰሪያ አላችሁ?" በሉ። ጥያቄው ስለ ቦታውም ብዙ ይነግራችኋል። ሰፊ ማሰሪያ ያዘጋጀ፣ ሚዛኑን ኮሪደር ላይ ሳይሆን በር የሚዘጋበት ክፍል ያስቀመጠ፣ እጀታ የሌለው ወንበር ያሰበ ጤና ጣቢያ ቀሪውንም አስቦበታል።

በጥር 2025 በላንሴት መጽሔት ሥር የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ውፍረትን በሁለት ከፍለው ማየት ይሻላል አሉ። አንደኛው ውፍረቱ የአካል ክፍልን ሥራ ያወከበት ወይም የዕለት ኑሮን ያሰናከለበት ነው። ሌላው ውፍረቱ ኖሮ አካሉ ገና ሥራውን በደንብ የሚሠራበት ነው። ለምርጫችሁ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ውስጥ ካላችሁ ፈጠንና ጠንከር ያለ መንገድ ይገባችኋል። ሁለተኛው ውስጥ ካላችሁ ጊዜ አላችሁ።

ምክር ብቻ ወይስ ምክርና ሪፈር?

ይህኛው ቀላል ንጽጽር ነው። ደረቅ ምክር ይሸነፋል።

በእንግሊዝ አገር የተሠራና በ2016 የታተመ ጥናት አለ። በሌላ ጉዳይ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ የመጡ 1,882 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ ሐኪሙ "ክብደት ብትቀንስ ለጤናህ ይጠቅማል" ብቻ አለ። ለሌሎቹ ግን 30 ሰከንድ ወስዶ ነፃ የ12 ሳምንት ፕሮግራም እንዳለ ነገራቸው፣ እዚያው ቀጠሮ አስያዘላቸው፣ ተመልሰው እንዲያዩት ጋበዛቸው። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 1 ኪሎ፣ ሁለተኛዎቹ 2.4 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ሠላሳ ሰከንድ መሆኑን ግን አስቡት። ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ሐኪሞች ስለ ክብደት ማንሳት የሚፈሩት ታካሚው ይከፋዋል ብለው ነው። በዚህ ጥናት ንግግሩን ተገቢም ጠቃሚም አይደለም ያሉት ከ500 ሰው አንድ ያህል ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ምክር ብቻ ተሰጥቷችሁ ከሆነ ሕክምናው ገና አልተጀመረም። "ወዴት ልሂድ?" በሉ።

ፕሮግራም፦ በቡድን፣ በግል፣ በስልክ

ለብዙ ሰው የመጀመሪያው ትክክለኛ ምርጫ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ፕሮግራም ስል አመጋገብን፣ እንቅስቃሴንና ልማድን አንድ ላይ ይዞ ለወራት የሚዘልቅ ክትትል ማለቴ ነው። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል በ2018 ቢኤምአያቸው 30 እና ከዚያ በላይ ለሆነ አዋቂዎች ሁሉ እንዲህ ያለው ፕሮግራም እንዲቀርብላቸው ወይም ወደዚያ እንዲላኩ መክሯል። ውጤታማ ሆነው የተገኙት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ በመጀመሪያው ዓመት 12 ወይም ከዚያ በላይ ቀጠሮ ነበራቸው። ወር በወር ማለት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ።

ርዝመት ለውጥ ያመጣል? ያመጣል። በ2017 የታተመ ሌላ የእንግሊዝ ጥናት ሦስት መንገዶችን አወዳደረ። አጭር ምክርና ጽሑፍ የተሰጣቸው ከዓመት በኋላ 3.3 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። የ12 ሳምንት የቡድን ፕሮግራም የገቡት 4.8። የ52 ሳምንቱን የገቡት 6.8። ሰባተኛውን ወር የምጠይቀው በከንቱ አይደለም።

ስድስት ኪሎ ምን ይሠራል የሚል ካለ መልስ አለኝ። በ2002 የታተመው ትልቁ የስኳር መከላከል ጥናት 3,234 ስኳራቸው ከፍ ያለ ግን ገና ስኳር በሽታ ያልያዛቸውን ሰዎች ተከታተለ። ግቡ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። በዚህ መንገድ ስኳር በሽታ የመያዝ ዕድል 58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ኪኒን የወሰዱት ላይ 31 በመቶ። በእግር እየሄዱና አበላልን እያስተካከሉ ኪኒኑን በለጡት! መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው 7 ኪሎ ቢቀንስ መስታወት ፊት ብዙ ላይታየው ይችላል። የደም ሥሩና ቆሽቱ ግን ያውቁታል።

በቡድን ወይስ በግል? በቡድን የሚሰጠው ብዙ ሰው ያስተናግዳል፣ ወረፋውም ያጥራል። ከሁሉ በላይ "እኔ ብቻ አይደለሁም" የሚል ስሜት ይሰጣል። እህቴ መጀመሪያ አልሄድም አለች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንዲት ሴትዮ "ደረጃ ስወጣ ስልክ የምነካ መስዬ ነው የማርፈው" ስትል እህቴ ሳቀች። እሷም እንደዚያው ነበርና። ከዚያ በኋላ አልቀረችም። በሌላ በኩል በምግብ የተነሳ ጥልቅ ሐዘን ወይም ያለፈ ጥቃት ያለበት ሰው ቡድን ውስጥ ሊታፈን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው የግል ይሻለዋል።

በአካል ወይስ በስልክ? ሩቅ ለምትኖሩ፣ ፈረቃ ለምትሠሩ፣ ሕፃን ለያዛችሁ የስልኩ መንገድ በር ይከፍታል። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ከአፑ ጀርባ ስማችሁን የሚያውቅ ሰው አለ ወይ? ካለ ጥሩ። ካሎሪ ብቻ የሚቆጥር አፕ ግን ማስታወሻ ደብተር ነው። ማስታወሻ ደብተር ይጠቅማል፤ ቀጠሮ ስትቀሩ ግን አይደውልላችሁም።

ጠንካራው ዳይት በሐኪም ክትትል

ይህ ከተለመደው "ዳይት ላይ ነኝ" ይለያል። ለተወሰኑ ወራት የተለመደው ምግብ ሙሉ በሙሉ ይቆምና በሾርባና በሚጠጣ ሼክ መልክ በተመጣጠኑ መተኪያዎች ይተካል። ከዚያ ምግብ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

ዳይሬክት የተባለው ጥናት ይህን በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ባሉ የቤተሰብ ሐኪም ጣቢያዎች ሞከረው። እዚያው ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ሠልጥነው ሰጡት። ታካሚዎቹ ስኳር በሽታ ከያዛቸው ገና 6 ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። ለ3 እስከ 5 ወር በቀን 825 እስከ 853 ካሎሪ ብቻ ወሰዱ። በዓመቱ 46 በመቶው ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከስኳር በሽታ ልክ በታች ሆነ። በተለመደው ሕክምና የቆዩት 4 በመቶ ብቻ። በሁለተኛው ዓመት 46ቱ ወደ 36 ወረደ። አሁንም ትልቅ ውጤት ነው፤ ግን እዚህም ጊዜ ሲረዝም ኪሎው መመለስ እንደሚጀምር አስተውሉ።

ለማን ይሆናል? ዓይነት 2 ስኳር በቅርቡ ለተገኘበትና ለጥቂት ወራት ጠበቅ ብሎ መሄድ ለሚችል ሰው። ብቻችሁን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። የስኳርና የግፊት መድኃኒት እየወሰዳችሁ ምግብ በድንገት ካነሰ ስኳርም ግፊትም ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያስተካክል ሐኪም ያስፈልጋል። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናት፣ የአመጋገብ ሕመም ላለበት ሰው አይሆንም።

መርፌዎቹና ኪኒኖቹ

አሁን ሁሉም የሚያወራው ስለዚህ ነው። የሚወራለት ያለ ምክንያት አይደለም።

በጥናት የተገኘውን ላሰልፈው። ኦርሊስታት ኪኒን ነው። ከምንበላው ስብ ሲሶውን ያህል አንጀት እንዳይመጥ ያደርጋል። መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን ጋር ሲወዳደር በዓመት 3 ኪሎ ገደማ ብልጫ አለው። ቅባት ከበላችሁበት ሆድ ያስቸግራል፣ ሰገራም ይቀባል። ሊራግሉታይድ በየቀኑ የሚወጋ ሲሆን በዓመት ከክብደት 8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሴማግሉታይድ በሳምንት አንዴ ይወጋል። በ2021 በታተመው ጥናት በ68 ሳምንት በአማካይ 14.9 በመቶ አስቀንሷል፤ ባዶ መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ ቀነሱ። ቲርዜፓታይድም በሳምንት አንዴ ነው። በ2022 በታተመው ጥናት ከፍተኛው መጠን በ72 ሳምንት 20.9 በመቶ አድርሷል። በነገራችን ላይ ኦዜምፒክና ዌጎቪ ሁለቱም ሴማግሉታይድ ናቸው። ኦዜምፒክ የተፈቀደው ለስኳር፣ ዌጎቪ ለክብደት ነው።

ጥቅሙ ከኪሎም ያልፋል። በ2023 የታተመ ጥናት የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸውን፣ ስኳር ግን የሌለባቸውን ከ17,000 በላይ ሰዎች ተከታትሏል። ሴማግሉታይድ የወሰዱት ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ)፣ ስትሮክና በልብ ምክንያት መሞት ሲደመሩ 20 በመቶ ቀነሱ።

ችግሩስ? ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ድርቀት። አብዛኛው የሚመጣው መጠኑ ሲጨመር ነው። ለዚህ ነው በትንሹ ተጀምሮ በየ4 ሳምንቱ ቀስ እያለ የሚጨመረው። የሐሞት ጠጠርና አልፎ አልፎ የቆሽት መቆጣት ሊያመጣ ይችላል። በቤተሰብ ወይም በራስ ላይ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ካለ አይሰጥም። በእርግዝና ጊዜም አይወሰድም፤ ሴማግሉታይድ ለማርገዝ ከታሰበ ቢያንስ 2 ወር ቀደም ብሎ ይቆማል። ቲርዜፓታይድ ደግሞ የሚዋጥ የወሊድ መከላከያን ሊያዳክም ይችላል። ይህን ሳይነገራት መርፌ የምትጀምር ሴት ብዙ ናት ብዬ እሰጋለሁ። ከስብ ጋር ጡንቻም ይሄዳልና ፕሮቲን መብላትና ጡንቻን የሚያሠራ ስፖርት መሥራት የሕክምናው አካል ነው።

ሲቆምስ? ሴማግሉታይድ ባቆሙት ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። የግፊት ኪኒን ስናቆም ግፊት እንደሚመለሰው ነው። ስለዚህ ለ3 ወር የሚበቃ ገንዘብ ይዛችሁ ለመጀመር ካሰባችሁ ቆም በሉ። ዓመት ከዓመት ልትቀጥሉበት ትችላላችሁ? አቅርቦቱ አለ? የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2025 ሴማግሉታይድንና ቲርዜፓታይድን ጨምሮ አንዳንዶቹን ዓይነት 2 ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምና ውፍረት ተደራርበው ላሉባቸው ሰዎች መሠረታዊ ከሚባሉ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። በታኅሣሥ 2025 ደግሞ ለውፍረት ሕክምና በረጅም ጊዜ መጠቀም እንደሚቻል በቅድመ ሁኔታ መክሯል፤ ከመድኃኒቱ ጋር ጠንካራ የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ክትትል እንዲኖር ጭምር። ዝርዝር ውስጥ መግባት ግን መደርደሪያ ላይ መገኘት አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እንኳ በሰኔ 2025 የቤተሰብ ሐኪሞች ቲርዜፓታይድ እንዲያዙ ሲፈቀድ መጀመሪያ የተፈቀደው ቢኤምአያቸው 40 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ቢያንስ 4 ተዛማጅ ሕመም ላለባቸው ብቻ ነበር።

እባካችሁ ከማኅበራዊ ሚዲያ ሻጭ አትግዙ። በሰኔ 2024 የዓለም ጤና ድርጅት ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ ገበያ ላይ መገኘቱን አስጠንቅቋል። "የተፈጥሮ" የተባሉ የማቅጠኛ ሻዮችና እንክብሎች ውስጥም ሲቡትራሚን ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት በ2010 ለልብ አደገኛ ሆኖ ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ የወጣ ነው።

ቀዶ ሕክምና

ጤና ጣቢያ አይሠራም። ወደዚያ የሚያደርሰው ሪፈር ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። በኋላም ለዕድሜ ልክ የሚከታተላችሁ እሱ ነው።

ሁለቱ የተለመዱት ስሊቭና ባይፓስ ናቸው። በስሊቭ የጨጓራው አብዛኛው ክፍል ተቆርጦ ይወጣና ቀጭን ቱቦ መሰል ይቀራል። በባይፓስ ትንሽ የጨጓራ ከረጢት ይሠራና የቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ታልፎ ቀጥሎ ካለው የቀጭን አንጀት ክፍል ጋር ይገናኛል። ከሁሉም መንገድ ክብደትን በብዛትና ለረጅም ጊዜ የሚቀንሰው ይህ ነው፤ በግምት ከጠቅላላ ክብደት ሩብ እስከ ሲሶ። ስዊድን ውስጥ በ1987 የተጀመረ ረጅም ክትትል ቀዶ የተደረገላቸው ሰዎች ካልተደረገላቸው ያነሰ ሞት እንደነበራቸው አሳይቷል። ጨጓራ ማቃጠል የሚያስቸግረው ሰው ስሊቭ ሊያባብስበት ስለሚችል ባይፓስ ይመከራል።

ለማን? ከ1991 ጀምሮ ቢኤምአይ 40፣ ወይም 35 ሆኖ ከባድ ተዛማጅ ሕመም የሚል ደንብ ነበር። በ2022 ሁለቱ ትልልቅ የዘርፉ ማኅበራት ይህን አሻሽለው ከ35 ጀምሮ ሌላ ሕመም ባይኖርም፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ እንደ ስኳር ያለ ሕመም ካለ ሊታሰብ ይችላል ብለዋል። አንዳንድ ባለሙያ አሁንም በአሮጌው ደንብ ይመልሳችኋል። ስለ አዲሱ ጠይቁ።

ዋጋው ሌላ ነው። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ ለዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ደም በየዓመቱ ይመረመራል። ለማርገዝ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል መጠበቅ ይመከራል። አልኮል ቶሎ ይይዛል። ይህን ሁሉ የሚከታተል ሰው አቅራቢያችሁ ከሌለ ቀዶው ቢያምርም እኔ አልቸኩልም።

ለማን የቱ?

ቢኤምአያችሁ ከ25 እስከ 30 ሆኖ ሌላ ሕመም ከሌለባችሁ ፕሮግራም ይበቃል። አንዳንዴም ከዚህ በላይ አለመጨመር ራሱ ግብ ነው። ከ30 በላይ ከሆናችሁ በፕሮግራም ጀምሩ። መድኃኒት ለመጠየቅ ግን ዓመት ሙሉ "መጀመሪያ ሞክሪ" ተብላችሁ መቆየት የለባችሁም። ከ27 ጀምሮም ተዛማጅ ሕመም ካለ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ይፈቀዳሉ። ስኳር በቅርቡ ከተገኘባችሁ ጠንካራውን ዳይት አንሱ። ቢኤምአያችሁ 35 ካለፈና ስኳር ወይም ከባድ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ካለባችሁ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ስለ መርፌም ስለ ቀዶም ይወራ። ለትንፋሹ ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይፈልጋል። ለልጆችና ለነፍሰ ጡሮች ይህ ንጽጽር አይሠራም፤ የራሳቸው መንገድ አላቸው።

መንገዶቹ ደግሞ አይጣሉም። እህቴ በቡድን ጀመረች፣ 6 ኪሎ ቀነሰች፣ ቆመ። መድኃኒት ተጨመረላት። ጉልበቷ አሁን ደረጃ ያወጣታል። በሰባተኛው ወር አንድ ቀጠሮ ቀርታ ነበር። ነርሷ ደወለችና "ምነው ጠፋሽ?" አለቻት። እህቴ ለእኔ የነገረችኝ ስለ ኪሎው አልነበረም፤ ስለዚያ ስልክ ነው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ጉልበት ወይም ራስ ምታት ብላችሁ አትጀምሩ፤ ጊዜው በእሱ ያልቃል። እንዲህ በሉ፦ "ዛሬ የመጣሁት ስለ ክብደቴ ነው። ከዚህ በፊት ይህን ይህን ሞክሬአለሁ። እዚህ ምን ምን ይሰጣል? ስንት ቀጠሮ አለው? ሲያልቅ ማን ይከታተለኛል? ኪሎው ከተመለሰ በማግስቱ መምጣት እችላለሁ?" መልሱ "እዚህ አይሰጥም" ከሆነ የት እንደሚሰጥ ጠይቁና ሪፈር አስጽፉ። "አበላልሽን ቀንሺ" ብቻ ከሆነ ሌላ ባለሙያ እንዲያያችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን የተጻፈበት ወረቀት እጃችሁ ሳይገባ ከክፍሉ አትውጡ።